ውሃ ላይ የተንሳፈፈው ዑድ እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል መዓዛማ እንጨቶችን የሚመለከቱትን ለይቼ ወደ ፊት አምጥቻቸዋለሁ። ዕድሜዬን የገፋሁት የሽቶ ዘይት በማንጠርና በመመርመር ሥራ ስለሆነ፣ ስለ ዑድና ስለ ሰንደል የሚጠይቀኝ ሰው መልሱ ቢረዝምበት ይታገሰኝ። የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ባለቤቴ የዑድ ስንጣሪ በስጦታ ተቀበለ። አንዲት ወዳጃችን እውነተኛ ዑድ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል ብላን ብንሞክረው ተንሳፈፈ። ቀለሙ ቡናማ ሆኖ ጥቁር ጭረቶች አሉት፤ ሲሞቅ ደስ የሚል ሽታ ይሰጣል። ተታለልን ማለት ነው?» — ሰ. መ.

እመቤቴ፣ ስንጣሪውን በዓይኔ ሳላይ እውነተኛ ነው ብዬ አልፈርምልዎትም። በመንሳፈፉ ብቻ ግን ሐሰተኛ ነው ሊባል አይችልም፤ እንዲያውም የገለጹልኝ መልክ ተስፋ የሚሰጥ ነው።

ዑድ የሚገኘው አኩዊላሪያ ከሚባሉ ዛፎችና ጋይሪኖፕስ ከሚባሉት የቅርብ ዘመዶቻቸው ነው። መኖሪያቸው በሕንድ ከአሳም ተነሥቶ በማይናማር፣ በታይላንድ፣ በካምቦዲያ፣ በላኦስ፣ በቬትናምና በማሌዥያ አልፎ እስከ ኢንዶኔዥያና ኒው ጊኒ ይደርሳል። ጤነኛውን ዛፍ ቢቆርጡት የሚያገኙት ነጣ ያለ፣ ቀላል፣ ሽታ የሌለው ተራ እንጨት ነው። ነገሩ የሚለወጠው ዛፉ ሲቆስል ነው። ቅርንጫፍ ይገነጠላል፣ ነቀዝ ግንዱን ይበሳል፣ መብረቅ ይመታዋል፤ በቁስሉ በኩል ፈንገስ ይገባል። ዛፉም ወራሪው እንዳይዘልቅበት በቁስሉ ዙሪያ ያለውን እንጨት ቀስ በቀስ ጥቁር ሙጫ ይሞላዋል። ዑድ የምንለው ይህንን ሙጫ የጠጣውን ክፍል ብቻ ነው። በአንድ ግንድ ላይ አንዱ ክንድ ጥቁርና ከባድ ሆኖ ቀጣዩ ክንድ እንደ ነጣ ሊቀር ይችላል።

እንግዲህ መስመጥና መንሳፈፍ የሙጫውን መጠን ይናገራል። ሙጫ ጠግቦ የጠጠረው ይሰምጣል፤ ግማሽ መንገድ የሄደው ይንሳፈፋል ወይም መሐል ላይ ይንጠለጠላል። የቻይና ነጋዴዎች ከጥንት ጀምሮ ውሃን የተጠቀሙበት ለዚሁ ነው፤ ደረጃ ለመለየት። የእርስዎ ስንጣሪ የመጀመሪያው ደረጃ ላይሆን ይችላል፤ ደረጃው ዝቅ አለ ማለት ግን ዑድነቱ ቀረ ማለት አይደለም። ደግሞም የሰመጠ ሁሉ ዑድ አይደለም፤ በተፈጥሮአቸው ከውሃ የሚከብዱ እንጨቶች አሉ፤ ቀለምና ዘይት አጠጥተው የሚያከብዱትም አለ።

በውሃው ፋንታ እነዚህን ይመልከቱ። ጥቁሩ ጭረት ወጥነት የሌለው፣ እዚህ የደመቀ እዚያ የሳሳ መሆን አለበት፤ ጫማ በቀለም እንደ ተወለወለ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ጥቁረት ካለው እጠረጥረዋለሁ። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት በእንጨቱ ውስጥ ተበታትነው ሙጫ የያዙ ጥቃቅን ሞላላ ነጠብጣቦች አሉ፤ ይህ የዛፉ የራሱ አሠራር ስለሆነ አስመሳዮች በቀላሉ አይደርሱበትም። ትንሽ ቁራጭ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ውሃው ወዲያው እንደ ቀለም ከጠቆረ እንጨቱ ተቀብቷል። ከሁሉ በላይ ሳያቃጥሉ በዝግታ ያሙቁትና ይታገሱት። እውነተኛ ዑድ ሽታው ይጓዛል፤ ጣፋጭ ሆኖ ይጀምርና ወደ መራራነት፣ ከዚያም ወደ ደረቅ እንጨት ያመራል። ሽቶ የተነከረው ግን መጀመሪያ ላይ በኃይል ይሸትና ሽቶው ሲያልቅ የሚቀረው የማገዶ ጭስ ብቻ ነው። ነገሩ ወደ ሙግት ከደረሰ ላቦራቶሪ ይፈርዳል፤ በዑድ ሙጫ ውስጥ ክሮሞን የሚባሉ ውሕዶች አሉ፤ የእነርሱ ዓይነትና ስብጥር ዑድን ከሌላው እንጨት ይለየዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዝም ብል ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። የትኛው ዛፍ ሙጫ እንደ ያዘ ከውጭ ሆኖ ማወቅ ከባድ ነው። ስለዚህ ለቃሚዎች አንድ የቆሰለ ዛፍ ለማግኘት ብዙ ጤነኛ ዛፎችን ጥለዋል። ዋነኛው ዝርያ በ1995 በሳይተስ፣ ማለትም ሊጠፉ የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሁለተኛው ሰንጠረዥ ገባ። ከ2005 ጀምሮ ደግሞ አኩዊላሪያና ጋይሪኖፕስ በሙሉ በዚያው ሰንጠረዥ ሥር ናቸው፤ ድንበር ሲሻገሩ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ዛሬ በእርሻ የተተከሉ ዛፎችን ግንድ እየበሱ፣ ፈንገስ ወይም ሌላ ቀስቃሽ ነገር እያስገቡ ሙጫ እንዲሠሩ ማድረግ ይቻላል። የእርሻው ዑድ ብዙ ጊዜ ሙጫው የሳሳ፣ ሽታውም የደን ዑድን ጥልቀት የማይደርስበት ነው። እኔ ግን ሁለቱን አቅርበው ምረጥ ቢሉኝ ወረቀቱ የተሟላውን የእርሻ ዑድ እወስዳለሁ።

«ለፊቴ ብዬ የገዛሁት ቀይ የሰንደል ዱቄት ምንም አይሸትም። አሮጌ ይሆን?» — ት.

አሮጌ አይደለም፤ ቀድሞም ሽታ አልነበረውም። ቀይ ሰንደል ፕቴሮካርፐስ ሳንታሊነስ የሚባል፣ በደቡብ ሕንድ በተለይ በአንድራ ፕራዴሽ ኮረብታዎች የሚበቅል፣ ከመዓዛማው ሰንደል ጋር የሥጋ ዝምድና የሌለው ዛፍ ነው። የሚፈለገው ለቀይ ቀለሙና ለዕቃ መሥሪያነቱ ነው። በሕንድ ባህላዊ ሕክምና በውሃ ለውሰው ቆዳ ላይ ያኖሩታል። እንዲያውም ዱቄትዎ አጥብቆ ቢሸት ኖሮ ሽቶ ተጨምሮበታል ብዬ እሰጋ ነበር። ከክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ቀብተው አንድ ቀን ሳይጠብቁ ፊትዎን አይንኩ።

«ሽቶ መቀመም እየተማርኩ ነው። የተፈጥሮ የሰንደል ዘይት በስንት መከራ አገኘሁ፤ ከሌሎች ዘይቶች ጋር ስቀላቅለው ግን ይጠፋብኛል። መምህሬ ሰው ሠራሹን ተጠቀሚ ትላለች። እኔ እንደ ማታለል እቆጥረዋለሁ። ምን ይመክሩኛል?» — ተማሪዋ

ልጄ፣ ዘይትሽ አልጠፋም፤ አንቺ ቸኩለሻል። ጥሩ የሕንድ ሰንደል ዘይት በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት ከ41 እስከ 55 በመቶ አልፋ ሳንታሎል፣ ከ16 እስከ 24 በመቶ ደግሞ ቤታ ሳንታሎል ይይዛል። እነዚህ ከባድ ሞለኪውሎች ናቸው፤ በዝግታ ይተናሉ፤ ጩኸት አያውቁም። ሎሚና ላቬንደር አየሩን በሞሉበት በመጀመሪያው ሰዓት ሰንደልን ብትፈልጊው አታገኚውም። በመዓዛ መሞከሪያ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጊና ቀን ጽፈሽበት ተዪው። በማግስቱ ጠዋት ሌሎቹ ሄደው እርሱ ብቻውን ለስላሳ፣ ወተት ወተት የሚል ሆኖ ተቀምጦ ታገኚዋለሽ። በቅመምሽ ውስጥም መጠኑን ከፍ አድርጊ፤ ከቀላቀልሽ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት በጨለማ ቦታ አሳርፊው። እኔ በሥራ ቦታዬ የሰንደል ቅመም በተሠራበት ቀን ፍርድ አልሰጥም።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ አፍንጫ ሌላውን ሁሉ እየለየ ከሰንደል ሞለኪውሎች አንዱን ወይም ሌላውን ፈጽሞ አይሰማም። ጉድለት ብለሽ አትዘኚ፤ ተፈጥሮ ነው። ወረቀቱን ለሌሎች ሁለት ሰዎች አሽትቻቸው፤ እነርሱ አጥብቀው ካሸተቱት ጉዳዩ ከዘይቱ አይደለም።

አሁን ወደ ማታለሉ ጉዳይ ልምጣ። ከመምህርሽ ጋር እስማማለሁ፤ ምክንያቴን ግን ከዛፉ ልጀምር። ሰንደል ግማሽ ጥገኛ ተክል ነው። ቅጠሉ ምግቡን ይሠራል፤ ሥሩ ግን በአጠገቡ ባሉ ተክሎች ሥር ላይ እየተጣበቀ ውሃና ማዕድን ይመጥጣል። ስለዚህ ብቻውን ቢተክሉት አይሆንለትም። መዓዛው ያለው በግንዱና በሥሩ ልብ ውስጥ ሲሆን፣ ልቡ በዘይት እስኪሞላ ብዙ ዓመታት ይጠይቃል፤ በደን ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ያልቆየን ዛፍ አዋቂዎች አይነኩትም ነበር። ሥሩም ዘይት ስላለው ዛፉ አይቆረጥም፤ ከነሥሩ ይነቀላል። በደቡብ ሕንድ የማይሶር ገዥ የነበረው ቲፑ ሱልጣን በ1792 ሰንደልን የንጉሥ ዛፍ ብሎ አወጀ። በሰው መሬት ላይ ቢበቅልም የመንግሥት ሀብት ሆነ፤ ይህ ልማድ እጅግ ለረጅም ጊዜ ስለ ቆየ ማይሶር በምትገኝበት በካርናታካ ግዛት ባለ መሬቱ የዛፉ ባለቤት እንዲሆን ሕጉ የተሻሻለው በ2001 ነው። የማይሶር እንጨት ቀድሞ ወደ አውሮፓ ተጭኖ ይነጠር ነበር፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መንገዱን ሲዘጋው በ1916 የማንጠሪያ ፋብሪካ በአገሩ ተቋቋመ።

የከፋውም ታሪክ አለ። በሃዋይ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሕዝቡ እርሻውን ትቶ ለቻይና ገበያ ሰንደል እንዲቆርጥ ተገደደ፤ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የሚሸጥ ዛፍ አለቀ። ከቺሊ ማዶ በሚገኙት የሁዋን ፈርናንዴዝ ደሴቶች ደግሞ የራሳቸው የሰንደል ዝርያ ነበራቸው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ካርል ስኮትስበርግ በ1908 የቀረውን አንድ ዛፍ አየ፤ ፎቶግራፍም አነሣው። ከዚያ በኋላ ያንን ዝርያ በሕይወት ያየው የለም። ያ እንጨት ምን ዓይነት መዓዛ እንደ ነበረው ለማወቅ የምሰጠው ብዙ ነው።

ስለዚህ ሰው ሠራሹ ሰንደል ለእኔ ለዛፉ እፎይታ ነው። ሳንዳሎር፣ ኢባኖል፣ ጃቫኖል የሚባሉት ሞለኪውሎች መነሻቸው ብዙ ጊዜ ከጥድ ዘመዶች ሙጫ የሚገኘው ተርፐንታይን ነው። ጃቫኖል እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ አቅጥነሽ ካልተጠቀምሽበት ቅመምሽን ሁሉ ይውጠዋል። ብቻውን ሲሆን ግን ስስ ነው፤ የተፈጥሮው ዘይት ያለው ሥጋ የለውም። እኔ ሁለቱን አብሬ እጠቀማለሁ። ሰው ሠራሹ ሽታውን ከወረቀቱ ያነሣዋል፣ የተፈጥሮው ደግሞ ያቆየዋል። ማታለል የሚሆነው በጠርሙሱ ላይ «ንጹሕ የማይሶር ሰንደል» ብለሽ ከጻፍሽ ነው። የተፈጥሮውን ስትገዢም የዝርያውን ስምና የበቀለበትን አገር ያልጻፈ ሻጭ ጋር አትቁሚ። በምዕራብ አውስትራሊያ ኩኑኑራ አካባቢ የሕንዱ ዝርያ በእርሻ ስለሚለማ ምንጩ የታወቀ ዘይት ማግኘት ይቻላል።

«አባቴ ሽንት ሲሸኑ ያቃጥላቸዋል። አንድ ዘመዳችን የሰንደል ዘይት በየቀኑ ጥቂት ጠብታ ይጠጡ፣ የጥንት መድኃኒት ነው ይላል። እውነት ነው?» — አ. ገ.

ወንድሜ፣ ዘይቱን አይስጧቸው። ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይውሰዷቸውና ሽንታቸው ይመርመር። በዕድሜ የገፉ ሰው ሽንት ሲያቃጥላቸው ኢንፌክሽን፣ ጠጠር ወይም የፕሮስቴት ችግር ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም መዘግየትን አይወዱም።

ዘመድዎ ግን ከባዶ አልተነሡም። በ19ኛው መቶ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ የአውሮፓ ሐኪሞች የሰንደል ዘይት በካፕሱል አድርገው ለጨብጥ ሕሙማን ያዝዙ ነበር። የተሻለ ነገር አልነበራቸውም። ፔኒሲሊን ሲመጣ ዘይቱ ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ወረደ፤ ምክንያቱም ፔኒሲሊን ባክቴሪያውን ገድሎ ሰውየውን ያድነዋል። የጥንትነት ማስረጃ የሚነግረን ሰዎች እንደ ሞከሩት ነው፤ መዳናቸውን ለብቻው መጠየቅ አለብን።

ይህንን በጉዋያክ እንጨት ታሪክ ላሳይዎት። ጉዋያክ በካሪቢያን የሚበቅል፣ ውሃ ውስጥ የሚሰምጥ፣ እጅግ ጠንካራ እንጨት ነው፤ የመርከብ ሞተር ዘንግ ማቀፊያ እስከ መሆን ደርሷል። በ16ኛው መቶ ዘመን ቂጥኝ አውሮፓን ሲያምስ የዚህ እንጨት ቅቅል መፍትሔ ነው ተብሎ ታመነ። ጀርመናዊው ጸሐፊ ኡልሪሽ ፎን ሁተን በ1519 በዚህ እንጨት ተፈወስኩ ብሎ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1523 በዚያው በሽታ ሞተ። ይሁንና የእንጨቱ ሙጫ ለሕክምና በሌላ በር ተመልሶ ገባ። ሙጫው በተቀባበት ወረቀት ላይ ሰገራ አድርገው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲያንጠባጥቡበት፣ በዓይን የማይታይ ደም ካለ ወረቀቱ ሰማያዊ ይሆናል። የአንጀት መድማትን ለመፈለግ ይህ ምርመራ ለአሥርት ዓመታት አገልግሏል። ሕይወት ያተረፈው እንዲህ ሆኖ ነው፤ ቂጥኝን በመፈወስ አይደለም።

ስለ ሌሎቹም አጠር አድርጌ ልናገር። ዑድ በቻይና፣ በቲቤትና በሕንድ ባህላዊ ሕክምና ለማረጋጊያ፣ ለሆድ ሕመምና ለትንፋሽ ይታዘዛል። በ1990ዎቹ የጃፓን ተመራማሪዎች ከዑድ ያወጧቸው ውሕዶች አይጦችን እንደሚያረጋጉ አሳይተዋል። ይህ ደስ የሚል ጅምር ነው፤ አይጥ ላይ የታየ ነገር ግን ለአባትዎ የመድኃኒት ማዘዣ አይሆንም። የሰንደል ሽታ ፀጉር ያበቅላል ተብሎም ይወራል። የወሬው ምንጭ በ2018 የታተመ ጥናት ነው፤ የተሠራው በላቦራቶሪ ሳህን ላይ በቆየ የራስ ቆዳ ሲሆን የተሞከረውም ሳንዳሎር የተባለው ሰው ሠራሹ ሞለኪውል ነው። በዚህ ጥናት ስም የተፈጥሮ ዘይት የሚሸጥልዎት ሰው ጥናቱን አላነበበውም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ካምፎር ነው። ከካምፎር ዛፍ እንጨት በእንፋሎት ይወጣ ነበር፤ አሁን በአብዛኛው በፋብሪካ ይሠራል። በቅባት መልክ ቆዳ ላይ ሲቀባ ያቀዘቅዛል፣ ማሳከክን ያስታግሳል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥርም በሚቀቡ ምርቶች ውስጥ ከ11 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ከተዋጠ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሰውነትን ሊያንዘፈዝፍ ይችላል፤ ትንሽ መጠን ሕፃንን ይገድላል። ነጭና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ልጆች ስኳር ይመስላቸዋል። ቤትዎ ውስጥ ካለ ይህን እንዳነበቡ ተነሥተው ልጅ የማይደርስበት ቦታ ቆልፈው ያስቀምጡት።

«ያለኝን ዑድ ከመቼ በፊት ልጠቀምበት? ደግሞም የልጅ ልጄ አስም አለበት፤ ባጤስ ይጎዳዋል?» — እማማ ዘ.

እማማ፣ ስለ ዕድሜው አይጨነቁ። በጃፓን ናራ ከተማ በሾሶኢን ግምጃ ቤት ራንጃታይ የሚባል የዑድ ግንድ አለ፤ ርዝመቱ 156 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 11.6 ኪሎ ግራም ነው። የጦር አለቃው ኦዳ ኖቡናጋ በ1574፣ ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ በ1877 ከእርሱ ቁራጭ ወስደዋል፤ የተቆረጠበት ቦታ ላይ የማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ተለጥፎበታል። በሁለቱ መቁረጫዎች መካከል ሦስት መቶ ዓመት አልፏል፤ እንጨቱም መዓዛውን ጠብቆ ነበር። እርስዎ የእርስዎን በሚገባ በሚዘጋ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ፣ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ ያኑሩት። ከሌሎች ዕጣኖች ጋር አንድ ላይ አያድርጉት፤ ሽታቸውን ይጠጣል።

የልጅ ልጅዎን በተመለከተ ግን እጠነቀቃለሁ። ጭስ ጭስ ነው፤ ከምርጥ ዑድ ቢወጣም የአስም ሕመምተኛን ሳንባ ይቆጣል። ጃፓኖች በመዓዛ ሥርዓታቸው እንጨቱን አያቃጥሉትም። የጋለውን ከሰል አመድ ውስጥ ቀብረው፣ አመዱ ላይ ሚካ ከሚባል ሙቀት ከሚችል ማዕድን የተሠራ ስስ ገበታ ያስቀምጡና የእንጨቱን ፍቅፋቂ በገበታው ላይ ያሞቁታል፤ መዓዛው ይወጣል፣ ጭሱ ግን እምብዛም ነው። ልጁ በሌለበት ቀን መስኮት ከፍተው እንዲህ ያሙቁት፤ ከሰሉም ከቤት ሳይወጣ በር ዘግተው አይተኙ። በማግስቱ ልጁ መጥቶ ካሳለ ማሞቁንም ይተዉት። የዑድ ዘይት በማሞቂያ ላይ አድርገው ሊተኩትም አይሞክሩ፤ እንፋሎቱ ያንኑ ሳል ሊያመጣ ይችላል።